ደረት ላይ የቀሩ እጆች

ዘሪቱ ደበሌ ሁለት ልጆች ወልዳ አንዱንም አዝላ አታውቅም። በክንዷ ታቅፋ አሳደገቻቸው። ሲከብዷት ታስቀምጣለች፤ ሲያለቅሱ መልሳ ታቅፋለች። አማቷ ከጎንደር ለጥየቃ መጥተው ይህን ሲያዩ፣ "እንዴት ያለች እናት ናት ጀርባዋን ለልጇ የምትሰስት?" አሉ። ባሏ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ምክንያቱን አልተናገረችም።

ምክንያቱ ተራራው ላይ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ላለ ሰው ተራራው ብዙ ጊዜ ጉም ለብሶ ይታያል። ዘሪቱ የተወለደችው ከጨንቻ አልፎ በእግር በሚኬድበት አንድ መንደር ነው። ሰው ሲጠይቃት ግን "ጨንቻ ከተማ" ትላለች። መንደሩ ደጋ ነው፤ ገብስና እንሰት ይበቅልበታል፤ መሬቱ ፍግ ይወዳል። ፍጉን ከበረት አውጥቶ ዳገቱ ላይ ካለው ማሳ የሚያደርሰው የሴት ጀርባ ነው። የቀርከሃ ቅርጫት ይታዘላል። ማንገቻ ገመዱ በትከሻ ዞሮ ደረት ላይ ይመጣና በሁለት እጅ ይጨበጣል። ገላ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ እግር አጠር አጠር እያለ ዳገቱን ይገፋል።

ዘሪቱ በዚያ ገመድ አደገች። ትምህርት ቤት ውስጥ ሩጫ ሲደረግ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ ገባች። እንዴት እንደምትሮጥ ልብ ያለ አልነበረም፤ ሰው ያየው መቅደሟን ነው። ወረዳውን አሸነፈች። ከዚያ ለክልሉ ውድድር ሐዋሳ ወሰዷት።

ሐዋሳ ላይ የሌላ ቡድን አሰልጣኝ የመቶ ሜትሩ መስመር ዳር ቆሞ ነበር። ዘሪቱ ስታልፈው ሁለት እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ከወገቧ ጎብጣ ነበር። ሰውዬው መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ፣ "አንቺ ልጅ፣ ጭነትሽን አውርጂ!" ብሎ ጮኸ። ተመልካቹ ተቀበለው። ማታ ለራት ስትሰለፍ እንኳ ከኋላዋ የሆነ ሰው "ጭነትሽን አውርጂ" ይላታል፤ ዞር ስትል ሁሉም ወደ ሌላ ያያል። ስንተኛ እንደወጣች ዛሬ ትዝ አይላትም። ሳቁ ትዝ ይላታል።

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ጀርባዋ ላይ አላወጣችም። መምህራን ኮሌጅ ስትገባ ክንዷን መግራት ጀመረች። መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና ክንዷን ብቻ ታወዛውዛለች። ክንድ ከትከሻ በትክክል ሲወዛወዝ መቀመጫ ከመሬት ብድግ ብድግ ይላል፤ ያኔ ልክ መሆኗን ታውቃለች። የሱቅ መስታወት ባገኘች ቁጥር ቆማ ራሷን ታያለች። ክንዷ ሲገራ ግን የመወዳደሪያ ዕድሜዋ አልፎ ነበር።

አሁን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ናት። ከሰዓት በኋላ የአጭር ርቀት ሯጮች ታሰለጥናለች። በሜዳው አጠገብ የሚያልፉ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ድምፅዋን ያውቁታል። "ክንድ! ክንድ!" ነው የምትለው። ሯጮቹ በሌለችበት "ቲቸር ክንድ" ይሏታል። ታውቃለች። እንዲያውም ደስ ይላት ነበር።

ስታስተምር አትቸኩልም። ሯጭ ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ሲወረውር ዳሌው አብሮ ይዞራል ትላለች። ያንን መዞር የሚመልስ ነገር ከሌለ ገላ እንደ እንዝርት መሽከርከር ይፈልጋል። የሚመልሰው የግራ ክንድ ነው። ስለዚህ ክንድ ከእግር ተቃራኒ ይሄዳል፤ ክርን ታጥፎ፣ እጅ ከዳሌ እስከ አገጭ። ክንድ ከታሰረ ሥራው ወገብ ላይ ይወድቃል፤ ወገብ ሲጣመም ደግሞ እግር መሬቱን አጥብቆ አይገፋም። እግር ከገላ ቀድሞ ካረፈ ፍሬን መያዝ ነው፤ ዳሌ ስር ካረፈ ግን ገላን ወደ ፊት ይልካል። ሲነሱ ገላን ማዘንበል ጥሩ ነው፤ ግን ከቁርጭምጭሚት እንጂ ከወገብ አይደለም። ሠላሳ ሜትር ካለፉ በኋላ ደግሞ ቀና ማለት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በእጇ፣ በጣቷ፣ አሸዋ ላይ በእንጨት እየሳለች ታሳያለች። ሮጣ ግን አታሳይም።

"ጉልበቴን ያመኛል" ትላለች።

ጉልበቷ ጤነኛ ነው።

ሶዶ ላይ ለሚደረገው የክልል ውድድር ሯጭ የሚመረጥበት ቀን ደረሰ። ከዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ስሙ ይበልጣል የሆነ ባለሙያ መጣ። የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ አርባ ምንጭ ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ስልኩ ሩጫን በዝግታ መልሶ የሚያሳይ ነበርና የእያንዳንዱን ዙር ከጎን ሆኖ ቀረጸ።

ከሴቶቹ መካከል አቢጋኤል የምትባል አዲስ ልጅ ነበረች። ዘንድሮ ከደጋ ወርዳ ሲቀላ እህቷ ቤት ተጠግታ የምትማር ናት። ዝምተኛ ናት። ሸራ ጫማ አድርጋ መጣች። ፊሽካው ሲነፋ ከሁሉም ቀድማ ከመስመሩ ወጣች፤ እንዲህ ያለ አነሳስ ዘሪቱ በዚያ ሜዳ ላይ አይታ አታውቅም። ወዲያው ግን የልጅቷን እጆች አየች። ሁለቱም ደረቷ ላይ ነበሩ፤ ተጨብጠው፣ የሌለ ገመድ ይዘው። ገላዋ እንዳዘነበለ ቀረ፤ መሀል ላይ ቀና አላለችም። ሆኖም ቀድማ ገባች።

ዘሪቱ ሰዓት መያዣዋን መጫን ረሳች።

ሜዳው ዳር ባለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ስር የይበልጣልን ስልክ ከበው አዩ። ስክሪኑ ላይ አቢጋኤል በዝግታ ትመጣለች፤ እጆቿ እንደተጨበጡ ናቸው።

"ይቺ ልጅ እኮ እጇን ሳትፈታ ነው የቀደመቻችሁ" አለ ይበልጣል። "በርዷት ነው? አርባ ምንጭ ላይ?"

ሳቁ። አቢጋኤል ከክቡ ውጭ ቆማ እሷም ፈገግ አለች። አንደኛ ወጥታለች፤ ሳቁ የዚያ መስሏታል።

"ዘሪቱ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቴክኒክ ነው?" አለ ይበልጣል። "የእናንተ አገር ልጅ ናት አሉኝ። እንዲህ ነው እንዴ የምትሮጡት?"

ይበልጣል ክፋት አልነበረበትም። ጠየቀ፤ በቃ። ግን ሁሉም ፊታቸውን ወደ ዘሪቱ አዞሩ፤ ዓይናቸውም ክንዷ ላይ ያረፈ መሰላት። አንድ ነገር ብላ ከዚያ ዓይን መውጣት ነበረባት። አፏ ላይ የመጣላት ያው የሐዋሳው ነበር።

"ይቺ እኮ ሩጫ ላይ አይደለችም" አለች። "ፍግ ተሸክማ ማሳ እየሄደች ነው። አቢጋኤል! ጭነትሽን አውርጂ!"

የዚያን ቀን ትልቁ ሳቅ ይህ ነበር። ይበልጣል እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የአቢጋኤል ፈገግታ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ የሚሄድበት የጠፋው ይመስል ነበር። ከዚያ እጆቿን አየች። ወደ ኋላዋ ወስዳ ደበቀቻቸው።

ማግስቱን አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀን አልመጣችም።

ካሌብ የሚባል የሁለት መቶ ሜትር ሯጭ የጥላ ሥሩን ሳቅ በስልኩ ቀድቶ ነበር። ድምፁን ወስዶ ከይበልጣል ስልክ ባገኘው የአቢጋኤል የዝግታ ምስል ላይ ገጠመውና የሯጮቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ዘሪቱ መምህራን ክፍል ተቀምጣ ከፈተችው። ልጅቷ በዝግታ ትሮጣለች፤ ምስሉ ላይ በተገጠመው ድምፅ አንዲት ሴት "ጭነትሽን አውርጂ" ትላለች፤ ሰው ይስቃል። ልጅቷ መስመሩ ጋ ደርሳ ሲያልቅ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ዘሪቱ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሲደጋግም ይሰማታል።

በዚያው ሳምንት ወንድሟ ከመንደር ደወለ።

"ድምፅሽን ሰማነው" አለ።

ዘሪቱ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

"ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው" አለ ወንድሟ፤ ስለ ዝናቡም ትንሽ አወራና ዘጋው። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ዓርብ ዕለት ይበልጣል ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። "ሰኞ ስም እናስገባለን" አለ። "ያቺ የደጋ ልጅ የት ገባች? ክንዷን አስተካክይልኝና እንደ እሷ የሚነሳ በክልሉ የለም።"

"ቤቷ ሄዳለች።"

"ለምን?"

ዘሪቱ ቀና ብላ አየችው። በእውነት አያውቅም። ሳቀ፤ ረሳው። የሐዋሳው ሰውዬም እንዲሁ በዚያው ማታ ረስቶት ይሆናል።

"አመጣታለሁ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወጣች። መኪናው ጥምዝምዙን መንገድ ሲወጣ ከጀርባ ሐይቁ እያነሰ ሄደ፤ ዶርዜ ሲደርሱ መስኮት ተዘጋ፤ ጨንቻ ላይ ብርዱ በነጭ ቱታዋ ውስጥ ዘለቀ። የቀረውን፣ የአቢጋኤልም የራሷም ወደሆነው መንደር፣ በእግሯ ሄደች። መንገዱን ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያ ነው ያስከፋት፤ እግሯ ሁሉንም ያውቀዋል።

የአቢጋኤል እናት ልክነሽ ከቤቱ ጓሮ ፍግ በአካፋ እየዛቀች ቅርጫት ትሞላለች።

"እንደምን ዋሉ?" አለች ዘሪቱ በአማርኛ። ልማድ ነው።

ልክነሽ ቀና ብላ በጋሞኛ መለሰችላት። "የደበሌ ልጅ አይደለሽ? ቋንቋው ጠፋብሽ?"

ዘሪቱ አፏን አስተካክላ በጋሞኛ እንደገና ሰላም አለቻት።

"አንቺ አታውቂኝም፤ ትንሽ ነበርኩ" አለች ልክነሽ። "ከእህቴ ጋር ነበር የምትሸከሚው። ፍጉን ደፍታችሁ ቁልቁለቱን በባዶ ቅርጫት ስትሽቀዳደሙ አጥር ላይ ሆነን እናያችሁ ነበር። የሚቀድምሽ አልነበረም።"

ይህን ዘሪቱ ረስታው ነበር። ገመዱን ታስታውሳለች፤ ክብደቱን፣ ሽታውን። መሽቀዳደሙን ረስታዋለች።

"ልጅሽን ልወስዳት መጣሁ" አለች።

"ልጄ ሥራ ላይ ናት።"

"ያን ነገር ለቀልድ ነው ያልኩት።"

"ጎረቤት ስልክ ላይ ሰማሁት" አለች ልክነሽ። አካፋውን ፍጉ ላይ ተከለችው። "አንዴ አይደለም፤ እያዞረ እያዞረ ይለዋል። እኔ ቀልዱ አልገባኝም። ፍግ ባንሸከም ምን ልንበላ ነው?"

አቢጋኤል ማሳው ላይ ደፍታ ባዶውን ቅርጫት ይዛ ወረደች። መምህርቷን አይታ ቆመች። ዘሪቱ ልትናገር ስትል ልጅቷ ለእናቷ ጀርባዋን ሰጠች፤ እናቷ የሞላውን ቅርጫት አሸከመቻት፤ ዳገቱን ይዛ ወጣች። ሰላም አላለችም።

ዘሪቱ ከኋላዋ ቆማ አየች። ሌላ ማየት አትችልም፤ ዓይኗ የአሰልጣኝ ዓይን ነው። የልጅቷ ገላ ከቁርጭምጭሚት እስከ ትከሻ አንድ መስመር ሆኖ አዘንብሏል። እግሯ በእያንዳንዱ እርምጃ ከዳሌዋ ስር ያርፋል፤ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቶሎ ይነሳል። ዘሪቱ አሸዋ ላይ በእንጨት ስትስል የኖረችው ይኸው የመነሻ አቋም ነው። ለከተማ ልጆች ለማስገባት ወራት ይፈጅባታል። የተረፈው ክንዱን መፍታትና በጊዜው ቀና ማለት ብቻ ነበር። ይህን ማንጎው ስር ብትናገር ኖሮ ይበልጣል አፉን ከፍቶ ይሰማት ነበር።

ልጅቷ ስትመለስ ዘሪቱ እጇን ዘረጋች። "ቀጣዩን እኔ ልውሰደው።"

"ቱታሽ ነጭ ነው" አለች ልክነሽ፤ ቅርጫቱንም ወደ ራሷ አስጠጋችው።

"ቲቸር" አለች አቢጋኤል። በአማርኛ ነበር። "ሰኞ ስም ይገባል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ጭነቴን አላወረድኩም።"

ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

"እጄ እንዳንቺ ነበር" አለች ዘሪቱ። "እኔም በዚህ መንገድ ላይ ነው ያደግኩት። አሁንም ዝም ብዬ ከለቀቅኩት ደረቴ ላይ ነው የሚሄደው።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን ሳቁብኝ?"

የሐዋሳውን ሰውዬ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከመውጣቱ በፊት ሰበብ ሰበብ ሸተታት፤ ተወችው። አንገቷን ደፋች፤ ተንበርክካም ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል ልክነሽ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

"እዚህ አታድርጊው። የዚህ አገር ልጅ ነሽ፤ ታውቂዋለሽ።" በእጇ ከመንደሩ መሀል ያለውን ሣር ያለበት ሜዳ አሳየቻት። ዱቡሻው ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው በሰው ሁሉ ፊት ጠብ የሚፈቱበት። "ሰው ፊት የተዋረደ ሰው ጓሮ ተወስዶ ይቅርታ አይባልም።"

"ሽማግሌ ልሰብስብ?"

"እዚህ ዱቡሻ ላይ አልሰደብሻትም። እናንተ ሜዳ ላይ ነው።"

አቢጋኤል በቀስታ አለች፦ "ሮጠው ያሳዩን። ሮጠው አሳይተውን አያውቁም።"

"ጉልበቴ..." አለች ዘሪቱ።

ልክነሽ ጉልበቷን አየች። ከዚያ ዘሪቱ በዚያ ጉልበት የወጣችውን መንገድ እስከ ታች አየች። ዘሪቱም ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ሰኞ ከሰዓት ሯጮቹ ሜዳው ላይ ነበሩ። ይበልጣል ፊሽካ አንጠልጥሎ መጣ። አቢጋኤልም መጣች። ማንጎው ጋ አልቀረበችም፤ የመጨረሻው መስመር አጠገብ ብቻዋን ቆመች። ካሌብ አይቷት አንገቱን ሰበረ፤ ወዲያው ግን ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አደረገ።

ዘሪቱ የቱታዋን ጃኬት አውልቃ መነሻው መስመር ላይ ቆመች።

"ምን ልትሆኚ ነው?" አለ ይበልጣል።

"ልሮጥ ነው። በስልክህ ቅረጸኝ፤ ከጎን ሆነህ።"

"ኧረ ተይ ዘሪቱ፣ በዚህ ዕድሜ ልትሰበሪብን ነው። ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም" አለች። ሯጮቹ ተያዩ።

አንድ መንገድ ነበራት፤ ታውቀዋለች። በግማሽ ፍጥነት ብትሮጥ ክንዷ ይታዘዛታል። ከዳሌ እስከ አገጭ፣ ክርን ታጥፎ፣ እንደ መጽሐፉ። ሁሉም "ይኸው ቲቸር ክንድ" ይላሉ፤ ያጨበጭባሉ። ሮጣ አሳየች ይባላል። ከአቢጋኤል በቀር የሚያውቅባት የለም።

ይበልጣል ፊሽካውን ነፋ፤ ወጣች።

መጀመሪያ ክንዷን ይዛ ሄደች። አንድ ሁለት እያለች የምታዘው ክንድ ነበር። አንድ ሰው "ቲቸር ክንድ!" ብሎ ጮኸ። ፊት ለፊት የአቢጋኤልን ፊት አየች። ያኔ ጥርሷን ነክሳ ባላት ጉልበት ሁሉ መሬቱን ገፋች፤ ክንዷን ማዘዙን ተወችው። እጆቿ ሄዱ። የሐዋሳ ቦታቸውን ማንም ሳይመራቸው አገኙት፤ ደረቷ ላይ ወጥተው ተጨበጡ። ወገቧ ጎበጠ። ከማንጎው በኩል ሳቅ ተነሳ፤ የካሌብን ለየችው። እንደ ድሮው ከጆሮዋ እስከ አንገቷ ጋላት። አላቆመችም። መስመሩን በሙሉ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ፍግ እንደተሸከመች ሴት ሮጠች። መሀል ላይ ሳቁ ቀነሰ። መጨረሻው ጋ ስትደርስ የሚሰማው የራሷ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ሯጮቹ መጡ። ይበልጣል ስልኩን ይዞ መጣ፤ ለማንም አላሳየም።

"አሳያቸው" አለች። ትንፋሽ አጥሯታል። "ይሄ የደጋ አገር ሸክም ነው። እኔ ያደግኩበት ነው። የጨንቻ ከተማ ልጅ አይደለሁም። ባለፈው የሳቅኩት በራሴ እጆች ላይ ነው፤ በእሷ አሳብቤ። አቢጋኤል፣ በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በይኝ።"

ይበልጣል መሬት መሬት አየ። "እኔም ስቄያለሁ" አለ፤ ለማን እንዳለው ግልጽ አልነበረም።

ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ። አንዲት ወፍራም የስፖርት መምህርት በዝግታ ትመጣለች፤ ደረቷ ላይ የሌለ ገመድ ይዛለች። አስቂኝ ነበረች። ዘሪቱ ራሷ አይታ አወቀችው፤ ማንም ቢስቅ አይፈረድበትም። ፊቷን መሸፈን አማራት።

"ካሌብ" አለች፤ "ግሩፑ ላይ ልቀቀው። ያኛውን የለጠፍክበት ላይ።"

"ቲቸር፣ ያኛውን አጠፋለሁ..."

"ሰምተውታል። ይሄንንም ይዩት።"

ካሌብ ላከው። ቀኑ ሳያልቅ ወንድሟ ያየዋል፤ ባሏም፣ ጎንደር ያሉት አማቷም ሳይቀሩ ያዩት ይሆናል።

አቢጋኤል ስልኩን መጨረሻ ተቀበለች። አንዴ አየችው። መልሳ አየችው።

"እጅዎ ብቻ አይደለም ቲቸር" አለች። "ከሠላሳ ሜትር በኋላ ቀና አላሉም።"

ማንም አልሳቀም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችም። ስልኩን ለይበልጣል መለሰች፤ የሸራ ጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ አጥብቃ አሰረችና ወደ መነሻው መስመር ሄደች። መስመሩ ጋ ደርሳ እጆቿን ከደረቷ አወረደች፤ ከጎኗ ተንጠልጥለው፣ ምን እንደሚሠሩ ያላወቁ መስለው ቆዩ። ወደ ዘሪቱ አየችና ጠበቀች።

ዘሪቱ "ክንድ" ልትል ፈለገች፤ አልወጣላትም። ፊሽካዋን ከአንገቷ አንስታ አፏ ላይ አደረገች። ትንፋሿ ገና ስላልተመለሰ ፊሽካው አልጮኸላትም።

በእሷ ፈንታ ይበልጣል የራሱን ፊሽካ ነፋ።